ኤፓራማና የሞክሼዎቹ መዝገብ

ያ ዓመት ከተማችን ሱቫ ላይ ዝናቡ እምቢ አልቆምም ያለበት ነበር። ጫማ ሻጋታ ያበቅላል፣ አንሶላ ሳይደርቅ ይነጠፋል፤ ሰው አጥንቱ ድረስ የረጠበ ይመስለዋል። ሊቀ ሊቃውንት የምላቸው ተማሪው ኤፓራማ ከካንዳቩ ደሴት መጥተው የኋላ ክፍሌን የተከራዩት ያኔ ነው።

ኮምፒዩተር የሚማር ሰው ያለበት ቤት የሚሠራ ሬዲዮ የለውም። ይህን ማንም አይክድም። መጀመሪያ ይፈታዋል፣ ቀጥሎ ስለ አሠራሩ ያስተምራችኋል፣ በመጨረሻ ሦስት ብሎን ተርፎት "እነዚህ ድሮም አያስፈልጉም ነበር" ይላል። የእኔው ሊቅ በዚያ ላይ አንድ አባባል ነበራቸው፤ "ማሽኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ተጠቃሚው ነው።" ማራገቢያው ቆመ፣ ተጠቃሚው ነው። ካሳቫ ጥደው ሐሳብ ይዟቸው ሄዶ ድስቱ ከሰለ፤ ጥፋተኛዋ እኔ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን የነበርኩት። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ተቀምጠው ከኮምፒዩተር ጽሑፋቸው አንዲት ነጥብ እንደጎደለች ደረሱባት። እኔ በዚያው ጊዜ አንድ ሰሌን ሠርቼ ጨርሻለሁ።

የመመረቂያ ሥራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ጊዜ ወድቀውበታል፤ ዳግም ከወደቁ የመንግሥት ድጎማው ቆሞ ወደ ደሴታቸው መመለስ ነው። ሥራው፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የሚሸሸውን ሰው የሚመዘግብ፣ ማን እንደቀረም የሚናገር ፕሮግራም ነው። ለሙከራው ቀን ቄሱ ሰፈሩን ሰበሰቡ፤ መምህርቷ ወይዘሮ ሻንታም ማርክ ሊሰጡ መጡ።

ተራዬ ደርሶ በሩ ላይ ሙሉ ስሜን ተናገርኩ።

"አያቴ፣ ማሽኑ አስቀድመው ገብተዋል ይላል" አሉኝ ሊቁ።

እኛ ዘንድ ልጅ የአያት፣ የአክስት ወይም የጎረቤት ስም እንዳለ ይወስዳል። የስምንት ወር ሞክሼዬ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ቀድማኝ ገብታለች። ሊቁ ደግሞ የተደጋገመ ስም ስህተት ነው፣ ይሰረዝ ተብለው ነው የተማሩት፤ ራሳቸው የአጎታቸው ሞክሼ ሆነው እንኳ ትዝ አላላቸውም። አዳራሹ ውስጥ ስልሳ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ማሽኑ ሠላሳ ስምንት ቆጥሯል። ሽማግሌው ቲሞዚ ከወደ ኋላ፣ እኔ ከጠፋሁ ሚስቴ ነገ አዲስ ባል ትፈልግ እያሉ ሰዉን ያስቃሉ።

ወይዘሮ ሻንታ አልሳቁም። "ያልተቆጠሩትን በአውሎ ነፋሱ ቀን ማን ሊፈልጋቸው ነው?" ብለው ጠየቁ።

ሊቁን ላድናቸው ብዬ፣ ጥርስ ስለሌለኝ ስሜን አጥርቼ አልተናገርኩም ይሆናል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ብቻ እሺ ቢሉ ያልፍላቸው ነበር።

"አይ አያቴ፣ እርስዎ በደንብ ተናግረዋል" አሉ። "የሰረዝኩዎት እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ አንቱ ማለቱ አልመጣልኝም፤ ልጄ ሆነ። መምህርቷ አሥር ቀን ሰጡት። ቤት ለቤት እየዞረ የማን ሞክሼ እንደሆንን፣ እናታችን ማን እንደምትባል ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹም የሰባት ትውልድ ታሪክ ሳይሰማ፣ ጎደሬ ሳይበላ አልለቀቁትም። በድጋሚው ሙከራ ማሽኑ ስልሳ አንዳችንንም ቆጠረን፤ ሞክሼዬንም እኔንም ለየብቻ። በትንሽ ማርክም ቢሆን አለፈ።

ከተመረቀ በኋላ ወደ ካንዳቩ አልተመለሰም። በመጨረሻ የሰማሁት ሌላ ደሴት ላይ ባለችው ላባሳ ከተማ፣ አንድ ክሊኒክ መዝገብ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ነው።