ለመዝናናት ነው የመጣነው

ደክሞኛል። ይህን የምላችሁ ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም፤ እናንተም እንደ ደከማችሁ አውቃለሁ። የዘንድሮ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እንጂ፣ አፍታተህ ተናገር ቢባል መልሱ ድካም ነው። እኔን የሚደንቀኝ ግን ድካማችን ሳይሆን እረፍታችን ነው። ቅዳሜና እሑድ የራሳችን ቀናት ናቸው እንላለን። ማን ሰጠን? እስቲ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜው የራሱ የሆነ ሰው አሳዩኝ። ቅዳሜ ጧት ቀብር አለ። ከቀብር መልስ ባለፈው ሳምንት የተቀበረው ሰው ቤተሰቦች ዘንድ ደርሶ ማጽናናት አለ። ከሰዓት በኋላ ሠርግ ይኖራል፤ ሠርግ ባይኖር ሽምግልና አይጠፋም። እሑድ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበር፣ ከማኅበር በኋላ የእድር ስብሰባ። ከእድር ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውን ደግሞ ስብሰባው ራሱ ይቀጣዋል። እኔ የማርፈው ሰኞ ጧት፣ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼ በጽሞና እንዲያነቡ ካዘዝኩ በኋላ ነው።

አብሮኝ የሚያስተምረው ይበልጣል ግን በዚህ አይስማማም። ይበልጣል አሮጌ መኪናና አዳዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ነው። በጥቅምት መግቢያ አንድ ቀን መምህራን ክፍል ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ ቅጠሉ የቀላ የውጭ አገር ተራራና ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፈው የሚስቁ ባልና ሚስቶችን ሲያይ ቆየና ቀና ብሎ፣ እኛ የጮቄን ተራራ ጀርባችን ላይ አዝለን እየኖርን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለን አላየነውም አለ። ክረምቱ ወጥቷል፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ምን እንጠብቃለን? አለ። ነገሩ እውነት ስለሆነ አስከፋኝ። በዚያው ቀን ባለቤቴን ትርንጎን ጨምረን ሦስታችን ጮቄ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ልናይ፣ አንድ ሌሊት አድረን እሑድ ልንመለስ ቆረጥን።

መቁረጡ ቀላል ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ የይበልጣል ጎረቤት አረፉ። በሁለተኛው የትርንጎ ማኅበር ተረኛዋ እሷ ሆና ተገኘች፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ ተራራ ማየት አይታሰብም። በሦስተኛው «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ይህችን ጥያቄ ታውቋታላችሁ፤ በዚህ ዘመን ከሰላምታችን ጋር ተጣብቃለች። መናኸሪያ ያለው ሰው አንድ ይላል፣ በመንገዳችን ላይ ካለችው ከቁይ ከተማ የመጣው ነጋዴ ሌላ ይላል፣ ሁለቱን ያልሰማ ደግሞ ሦስተኛ ፈጥሮ ይነግራችኋል። እንዲህ ስንል ወሩ ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ ማንም ያልሞተበት፣ ማንም ያላገባበት፣ መንገዱም ክፍት ነው የተባለበት አንድ ቅዳሜ እንደ ምንም ተገኘ። ማንም ሳይሞትብን ቶሎ እንውጣ አልን።

ትርንጎ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች። ከቁይ ከፍ ብሎ፣ እኛ በምንወጣበት መንገድ ዳር፣ አክስቷ እትዬ ጥሩወርቅ አሉ። እሳቸውን ሳይሳለሙ በደጃቸው ማለፍ የማይታሰብ ነው። ከሰሙ፣ መስማታቸው ደግሞ አይቀርም፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቀየማሉ። ትርንጎ አክስቷ ቤት የሄደችው ልጅ ሳለች ነው፤ ወሬያቸውን ግን ትሰማለች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ያርሳሉ፣ ያሳርሳሉ። የበኩር ልጃቸው አስቻለው አዲስ አበባ ግንበኛ ነው፤ ዓይኑን ካዩት ሦስት ክረምት አልፏል። በዓል በመጣ ቁጥር እመጣለሁ ይላል፤ በዓሉ ሲደርስ መንገዱ ዝግ ነው ይላል። ከፍልሰታ ወዲህ ደግሞ ድምፁም ጠፍቶ ሴትዮዋ ከሰው አፍ ወሬ እየጠበቁ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ቁርሳችንን እዚያ እንበላለን ብዬ አሰብኩ።

ፀሐይዋን እንዳናጣ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ይበልጣል ያለችውን አንዲት ሞቃት ኮት ለብሷል፤ ጥቁር ናት። እኔ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ትርንጎ ከምትሠራበት ክሊኒክ ከአዳር ተራ መጥታ ሳትተኛ ነው የተሳፈረችው፤ ከቁይ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ሆዷን ገለባብጦት ሁለት ጊዜ ወርዳ አስመለሰች። ዓይኗ በርበሬ መስሏል፤ ብርዱን ልትከላከል ጭንቅላቷን በጥቁር ሻርፕ ጠቅልላለች። እንግዲህ እኛን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱን።

መንደሩ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። ቤቱ የትኛው እንደሆነ ትርንጎ ስለጠፋት መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆምንና በረታቸውን ሊከፍቱ የወጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። አያ ካሴ ይባላሉ። ሰው እንዳንቀሰቅስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የእትዬ ጥሩወርቅ ቤት የቱ እንደሆነ፣ እሳቸውስ ተነሥተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ የይበልጣልን ኮት አዩ፣ የትርንጎን ዓይን አዩ።

«ምን አላችሁና ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ምንም የለም፤ ድንገት ገብተን እንዳናስደነግጣቸው ብለን ነው» አልኩ።

እናንተ የአገሩ ሰዎች ከሆናችሁ አሁን ጭንቅላታችሁን ይዛችኋል። እኔም የአገሩ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ለመዝናናት የወጣ ሰው አእምሮውን ቤት ጥሎ ነው የሚወጣው። አያ ካሴ በትራቸውን አነሡ፣ ወደ ጎረቤት አጥር ጠጋ ብለው አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ፣ ከዚያ «ኑ፣ ላሳያችሁ» ብለው ከፊት ከፊታችን ይሄዱ ጀመር። ዞር ስል ከኋላችን ሰው አለ። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ወንዶች፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ይከተሉናል። ይበልጣል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የባላገር እንግዳ አቀባበል ልቤን ነካው አለኝ። እኔም ነካኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ በር ከፍተው ብቅ አሉ። ጠይም፣ ረዘም ያሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ ያደረጉ ሴት ናቸው። እኛን አዩ፣ ከኋላችን የቆመውን ሰው አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው የእህታቸው ልጅ ፊት ላይ አረፈ። እጃቸው መቃኑን ያዘ።

«አስቻለው ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ የሚያረዳ ሰው በማለዳ ይመጣል፤ ጎረቤት ሳይሰበስብ አይገባም፤ በሹክሹክታ ይናገራል። እኛ ከሥርዓቱ አንዲት ሳናጎድል ፈጽመን ደጃቸው ላይ ቆመናል። ትርንጎ ሮጣ አቀፈቻቸውና ደክሟት ኖሮ ማልቀስ ጀመረች። በቃ፣ ሴቶቹ ተቀበሏት።

እኔ እጄን አውለበለብኩ። ማንም አልሞተም አልኩ። እኛ ለመዝናናት ነው የመጣነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ልናይ ነው፣ ተራራው ላይ የሚበቅለውን ጅባራ ልናይ ነው እያልኩ ጮኽኩ። ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በጥቅምት፣ ሰው ሁሉ ደፋ ቀና በሚልበት ወር፣ ሦስት ጤነኛ ሰዎች በሌሊት ተነሥተው ፀሐይ ሊያዩ ተራራ ይወጣሉ ብሎ የሚያምን ማን ነው? ፀሐይዋ ማርቆስም ትወጣለች። ደግሞም መርዶ ነጋሪ የሚጀምረው በመካድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ምንም የለም ይላል፤ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል ይላል፤ እውነቱ ኋላ ነው የሚመጣው። እኔ በካድኩ ቁጥር አስቻለው ይበልጥ ይሞታል።

አያ ካሴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ በል ንገራቸው። ሰው ተሰብስቧል» አሉኝ።

ከዚህ የሚያወጣን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አስቻለው ራሱ። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚገኘው ከቤቶቹ በላይ ያለው ጉብታ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወጣን። እትዬ ጥሩወርቅን ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው፣ መንደርተኛው ተከትሎ፣ እኔ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጣች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሸለቆው ሁሉ ከነጉሙ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ፣ የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኖ፣ ከበላያችን ጅባራዎቹ ተደርድረው ቆመው ነበር። ይበልጣል ፎቶ ሊያነሣ እጁን ኪሱ ከተተ። ትርንጎ አየችው። እጁን ባዶውን አወጣ።

ቁጥሩን ከአንድ ጎረቤት ስልክ ወስጄ ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም አለች ያቺ የምታውቋት ሴት። እትዬ ጥሩወርቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፤ አፌን ነበር የሚያዩት። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሕተት ሠራን እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም ነበር። አሁን ፈራሁ። እኛ ሳናውቀው እውነተኛ መርዶ ይዘን መጥተን ቢሆንስ? ማን ነው አስቻለው በሕይወት አለ ያለኝ? ሦስት እርምጃ ወደ ጫፉ ጠጋ ብዬ እንደገና ደወልኩ። ጠራ። አነሣው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ የእንቅልፍ ድምፅ።

ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌው ነበርና ድምፁ ሲወጣ እናቱ መሬት ላይ ተደፉ፤ አፈሩን ይስማሉ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እልል ይላሉ፣ ማን የትኛውን እንደሚያደርግ አልለይ አለ። እኔ የትርንጎ ባል መሆኔን ነገርኩት። ምነው በሰላም ነው፣ ምንድን ነው የምሰማው ለቅሶ አለኝ። በሰላም ነው አትደንግጥ አልኩት። እናቴን አገናኘኝ አለኝ። እሳቸው ግን ተደፍተው መነሣት አቅቷቸዋል።

«አሁን መናገር አይችሉም፤ ትንሽ ደክሟቸዋል» አልኩት።

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግመን ደጋግመን ሞከርን፤ አልገባም። ልጁ በሕይወት እንዳለ ታውቋል፣ ምን ቀረ ብለን ወረድን።

የዚያን ቀን ሁለተኛ ተራራ ለመውጣት አንጀት የነበረው ሰው አልነበረም። እትዬ ጥሩወርቅ አልለቃችሁም አሉ። በእኛ ምክንያት ሥራውን ጥሎ የወጣው መንደርተኛ ወደ ድንች ቆፈራው ሲመለስ፣ እኔና ይበልጣል ተቀምጠን ማየቱ ነውር ስለሆነብን ዶማ ተቀብለን ተከተልን። እንዴት እንደቆፈርኩ አትጠይቁኝ። አያ ካሴ በየመሐሉ ቀና ብለው፣ ከተማ ውስጥ መዝናናት እንዲህ ነው ወይ ብለው በቅንነት ይጠይቁኛል። ማታ ወገቤ ተቆልፎ መደብ ላይ ስጋደም፣ ትርንጎ ቀድማኝ ተኝታለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ልንነሣ ስንሰናዳ ከመንገዱ ጩኸት ሰማን። አንድ ጎልማሳ ነጠላውን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ደረቱን እየመታ፣ «እናቴ፣ ዓይንሽን ሳላየው፣ እናቴ» እያለ ሽቅብ ይመጣል። መንደርተኛው ለሁለተኛ ጊዜ በቅዳሜና እሑድ ውስጥ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ያ በስልክ ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከአጥር ግቢው በር ወጥተው ቆሙ። አስቻለው አያቸው። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እሳቸው አልጮኹም፣ አልሮጡም። የታጠቀውን ነጠላ፣ አቧራ የለበሰ ጫማውን፣ ያበጠ ዓይኑን ቀስ ብለው አዩት።

«ስኖር ዝግ ነው ስትለኝ የነበረው መንገድ» አሉ፣ «ስሞት ተከፈተልህ?»

ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። ጥቂት ጊዜ እንደ ወደቀ ተዉት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሡት፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ ያገኙትን ሁሉ ሳሙት፤ እንባቸውም ያን ጊዜ መጣ። በላህ ወይ አሉት። አልበላም ነበር። አስገቡት። ትርንጎ ደጁ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ይበልጣል መኪናውን ሊያይ የሄደ መስሎ ፊቱን አዞረ። እኔም ብትሉ ዓይኔ ደኅና አልነበረም።

ስንነሣ እትዬ ጥሩወርቅ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን። በስልቻ ድንች ጫኑልን፤ ትርንጎን መረቁ፤ ይበልጣልን መረቁ። ለእኔ ሲደርሱ ክንዴን ይዘው ከሌሎቹ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለገና ደግሞ ለመዝናናት ኑ» አሉኝ። «እንደ ትናንቱ በማለዳ ኑ። እህቱ ባሕር ዳር ናት፤ እሷም ቀርታብኛለች።»

ምን እላለሁ? እሺ አልኳቸው።