ድምፅ የሰጠሁበት ቀን

ባንክ ደውሎ «ይጠብቁ» ሲባል የማይናደድ ሰው ታውቃላችሁ? አንድ ነበረ፤ እኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ ጠብቄያለሁ። አበደ እንዳትሉኝ። ባንኩ የስልክ ማሽን ውስጥ የምትናገረው ባለቤቴ ማርታ ናት። ማርታ ደግሞ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርታ መሃል ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ትሠራ ነበር። ድምፅሽ ያምራል ብለው ለስልኩ ማሽን ቀዷት። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። እሷ አፏን የፈታችው በሲዳሙ አፎ ነው። «ይጠብቁ» ስትል «ብ»ን አታጠብቃትም። ቆዩ ለማለት ፈልጋ፣ ገመድ የሚጠብቅበትን ትለዋለች። ሃያ ዓመት አረምኳት፤ በጄ አላለችም። ሰውዬው ከጠበቀ ምን አለበት ትለኝ ነበር።

ከሞተች በኋላ ያቺን ስህተት ፍለጋ እደውላለሁ። ከመናገሯ በፊት ትንሽ ትተነፍሳለች። አንዳንዴ ጆሮዬን ሲሞቀኝ ይሰማኛል። አንድ ቀን «ማርታ» ብዬ ጠራኋት፤ ተነፈሰችና «ይጠብቁ» አለችኝ። ፈራሁ ብል አላፍርም። ግን አልዘጋሁም።

ከዚያ ክርክር መጣ። ማሽኑን የሠራው የውጭ ኩባንያ፣ በእኔ ማሽን የተቀዳ ድምፅ የእኔ ነው ብሎ ባንካችንን ውጭ አገር ከሰሰው። ባለአክሲዮኖች ተጠራን። ማርታ የገዛችልን ጥቂት አክሲዮን ስላለ እኔም ሄድኩ። የባንኩ ጠበቃ «አእምሯዊ ንብረት» አለ። ድምፅ የአእምሮ ነው የጉሮሮ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት። ከተከራከርን የዘንድሮ የትርፍ ድርሻችን እዚያው ያልቃል አለን። ከተስማማን ድምፁ የእነሱ ይሆናል፣ ከስልካችን ግን አይጠፋም። እኔ የሰማሁት «አይጠፋም» የምትለዋን ብቻ ነው። እንስማማ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ።

አጠገቤ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። መምህር፣ የሰጡትን ያውቁታል ወይ አሉኝ።

«ድምፅ ነዋ» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልዎ» አሉኝ።

በሳምንቱ ደወልኩ። ተነፈሰች። ትንፋሿ ያው ነው። «እባክዎ ይጠብቁ» አለች። «ብ»ን ጥርቅም አድርጋ አጠበቀቻት።

ደግሜ ደወልኩ፤ አሁንም አጠበቀች። በማርታ ትንፋሽ፣ በማርታ ጉሮሮ፣ ሌላ ሰው ይናገራል። ጠበቃውን ብጠይቀው ኩባንያው ስህተት አግኝቶ አስተካክሎት ነው አለኝ። ባለንብረት አይደል? በሕይወቷ እሺ ያላለችኝን ሴት፣ ሞታ አረሟት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አበው እነዚህን ሰዎች አላወቋቸውም። አሽተው አቀኑት። የእኔ ንብረት ግን ያቺ ወለምታ ብቻ ነበረች።

አሁን እኔም እንደ እናንተው ነኝ። «ይጠብቁ» ስባል ስልኩን እዘጋለሁ።