የኃላፊው እናት ፍራሽ

ጥበብ ከላይ ትወርዳለች ይባላል። የሰው ሠራሹ ሐይቅ አስተዳደር ኃላፊ ዘንድ ግን ወርዳ ብቻ አልቀረችም፤ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

ጂኦሎጂስቷ ከሐይቁ በላይ ያለው ተራራ መሰንጠቁን፣ ተንዶ ውኃው ውስጥ ከገባም ማዕበል ተነሥቶ ማዶ ያለውን መንደር ጠራርጎ እንደሚወስድ በስብሰባ ላይ ስትናገር፣ ኃላፊው በትዕግሥት አዳመጧት። አዳምጠው የሠሩት ነገር ባይኖርም፣ ሳያዳምጡ የቀሩበት ቀን የለም።

«ሱናሚ ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ ጌታዬ።»

«ሱናሚ የባሕር ነው። እኛ ባሕር አለን?»

«የለንም፤ ግን እኮ ውኃው…»

«ባሕር ከሌለን ማን ፈቅዶለት ይመጣል?»

ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ወዲያው «ስጋት የሌለ በመሆኑ ነዋሪው መረጋጋቱን አጠናክሮ ይቀጥል» የሚል ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ነዋሪውም ታዛዥ ነውና አጠናክሮ ቀጠለ።

ኃላፊው ግን ቢሯቸው ገብተው በሩን ሲዘጉ እናታቸው ትዝ አሏቸው። እናታቸው የሚኖሩት እዚያው መንደር፣ ውኃው አፍ ላይ ነው። ማስታወቂያውን እንዳይሽሩት ወንበር አለ፤ እንዳይተዉት እናት አለች። በማግሥቱ የቢሮውን ፒክአፕ ይዘው እናታቸው ደጅ ቆሙ።

«እማዬ ተነሽ፣ ቤቱ ቀለም ሊቀባ ነው።»

«ታዲያ ፍራሼን ለምን ትጭነዋለህ?»

«እንዳይነካካ ብዬ ነው።»

«ዶሮዎቼንስ?»

«እማዬ፣ በናትሽ!»

የአጥር ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

«አንተ፣ ና እይ!» አለች ባሏን። «ኃላፊው ዶሮ ታቅፈው ይሮጣሉ።»

«ቢሮጡስ?»

«እሳቸው ለደመወዝ እንኳ ሮጠው አያውቁም። ተነሥ፣ ዕቃ እናውጣ!»

ወሬ ከድምፅ ማጉያ ይፈጥናል። ፒክአፑ ዳገቱን ሲጀምር መንደሩ በሙሉ ልጁን አዝሎ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ተከተለው። ኃላፊው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ተመለሱ! ምንም ስጋት የለም!» እያሉ ጮኹ። ወዲያው ወደ ሹፌሩ ዞረው «ንዳው እንጂ፣ ምን ትጎተታለህ!» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ያለ ፈቃድ ወረደ። ውኃው ተነሥቶ ማዶ ተሻገረና መንደሩን ከነአጥሩ ይዞት ተመለሰ። ከዳገቱ ላይ ሆነው ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹም አላስቻላቸውም። ሰው ግን አልሞተም። የጠፋው ቤትና ድምፅ ማጉያው ነው።

ኃላፊውም «ኅብረተሰቡን በተግባር በማንቃት» ሊሸለሙ በቁ። የበላይ አለቃቸው ራሳቸው መጥተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ መንደሩ እዚያው ዳርቻ ላይ እንደገና እንደሚሠራና ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ሳይረን እንደሚተከልለትም አበሠሩ። ልብስ ሰፊዋ ነዋሪውን ወክላ ተነሣች።

«ሳይረኑን እግዜር ይስጥልን፤ ግን ይቅርብን። እትዬን መልሱልን።»

«እናቴን?» አሉ ኃላፊው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ቤታቸውን እኛው እንሠራለን። ከሁላችን ፊት፣ ውኃው ዳር። እሳቸው እዚያ እስካሉ ድረስ እንቅልፍ ይወስደናል።»

«እኔ እሺ ብያለሁ» አሉ እናት፣ ልጃቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

የበላይ አለቃው በሳቅ ፈረሱ። እንዲህ ያለ የሕዝብ ተሳትፎ አይተው እንደማያውቁ ተናግረው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

እናት ወደሳቸው ዞር አሉ።

«የእርስዎስ እናት በሕይወት አሉ?» አሉ፤ «ጎረቤት እንዲሆኑኝ ነው።»