የኦርቪል ታናሹ ሦስተኛ ቅጂ

በየሰፈሩ፣ ትክክል ሆኖ ትክክለኛነቱ ያደከመው አንድ ሰው አይጠፋም። እዚህ ቶሌዶ እንዲህ ያለውን ሰው ብብቱ ውስጥ በሸጎጠው ማህደር ከሩቅ እንለየዋለን። ለእኛ መንገድ የደረሰው ክቡር ሟች ኦርቪል ሃስኪንስ ታናሹ ነበር።

«ሟች» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የብድር ታሪክ መዝጋቢው ድርጅት ነው። በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የአባቱን ስም እንዳለ ይወርሳል፤ መለያው መጨረሻ ላይ የምትለጠፈው «ታናሹ» ብቻ ናት። አባት ኦርቪል አምና በመጋቢት ሲሞት ድርጅቱ ያቺን ቃል ዘነጋና ልጁንም አብሮ ቀበረው።

ኦርቪል ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየው ቤት ሊሸጥ ነበር። አከራይዋ የመግዛቱን ቅድሚያ ሰጥታው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልትጠብቀው ቃል ገባች። ባንክ ግን ለሙት አያበድርም።

ለድርጅቱ አቤቱታ ጻፈ። አካሄዱን ተከታትዬ ደርሼበታለሁ፤ በእውነት ያስደንቃል። የልደት ወረቀት፣ የአባቱ የሞት ምስክር፣ የሐኪም ማስረጃ ያለበት አሥራ አንድ ገጽ እዚያ ሲደርስ አንድ ሠራተኛ ወደ አጭር ቁጥር ይለውጠዋል። ቁጥሩ መጀመሪያ የአባቱን ሞት ወዳሳወቀው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ያንኑ መዝገብ ይከፍትና «ሞቷል» የሚለውን ያነባል። በሠላሳኛው ቀን መልስ ይመጣል፦ «መረጃው ተረጋግጧል»። አንዲት ቀዳዳ የለውም፤ ሰው ብቻ አይገባበትም።

ስልክም ደወለ።

«ለሟቹ ምናቸው ነዎት?» አለችው ሠራተኛዋ።

«እኔው ነኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ሚስቱ ማርሊን ተንገፈገፈች። «ስምህን ቀይርና እንገላገል!»

«አባቴ የተወልኝ ይሄን ብቻ ነው። እሱንም ልጣለው?»

ቅዳሜ ቅዳሜ በሬን ያንኳኳል። «ዶሎሬስ፣ ይቺን ቅጂ ያዢልኝ። አንዱ ለመሳቢያ፣ አንዱ ለመኪና፣ አንዱ ለጎረቤት!»

«አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ ማስቀመጫዬ ሳይቀር በአንተ ወረቀት ሞላ እኮ!»

«ቤቴ ቢቃጠልስ?»

«ቤቱ መች ያንተ ሆነና!» አልኩት። ዛሬም ይቆጨኛል።

አራት ጊዜ ጻፈ፤ አራት ጊዜ ሞቱ ተረጋገጠ። ጥቅምት አለቀ። ቤቱን ሌሎች ገዙት። ኦርቪልና ማርሊን ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ተከራዩ።

በኅዳር አጋማሽ አዲሶቹ ጎረቤቶቼ በእሱ ስም የመጣ ፖስታ ሰጡኝ፤ ወሰድኩለት። ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «በሕይወት እንዳሉ ተረጋግጦ መዝገብዎ ተስተካክሏል።»

ማርሊን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኦርቪል ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ስለ ቅጂ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁለት።

«አምጣው» አልኩት።

«ምን ያደርጋል፣ ዶሎሬስ?»

«አምጣው አልኩህ እኮ!»

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በማባዣው ሦስት ቅጂ አነሳሁ። አንዱን መሳቢያው ውስጥ፣ አንዱን መኪናው ውስጥ አኖርኩለት። ሦስተኛውን ይዤ ስድስት መንገድ ተሻግሬ ቤቴ ገባሁና ዳቦ ማስቀመጫዬ ውስጥ ከተትኩት። ጎረቤቱ እኔ ነኛ።