ስለ ረጠበው ፍራሽ የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉባኤ

ቀን፦ ወሩ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ቦታ፦ የአያት ቤት፣ ሳሎን። ልጁ ከወላጆቹ ጋር የሚኖረው እዚሁ ፎቁ ላይ ነው። ፍራሹ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ስለሆነ ከስብሰባው ቦታ በመስኮት ይታያል።

የተገኙ፦
1. የልጁ አያት፣ ጡረታ የወጡ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የልጁ ትልቅ አጎት (የአባቱ ታላቅ ወንድም)፣ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር፣ አባል
3. የልጁ አክስት፣ የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ፣ አባል (የጸሐፊው ባለቤት ስለሆኑ ንግግራቸው ሳይቀነስ ተመዝግቧል)
4. የልጁ አባት፣ አባል
5. የአክስት ባል፣ ጸሐፊ። አማች በመሆኑ ድምፅ የለውም፤ የእጅ ጽሑፉ ስለሚነበብ ግን ሳይጠየቅ ተመርጧል።

ያለ ፈቃድ የቀሩ፦ የልጁ እናት። አባት «ጓሮ አንሶላውን እያጠበች ነው» ሲሉ አስረድተዋል። ጉባኤው ምክንያቱ ከአጀንዳው ጋር አይገናኝም ብሎ ውድቅ አድርጎታል።

ያልተጠራ፦ ልጁ። ዕድሜው አምስት ዓመት ነው።

ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አረጋግጠው ስብሰባውን ከፈቱ። ቤተሰቡ ብዙ ክፉ ቀን በትዕግሥት ማሳለፉን አስታውሰው፣ የልጅ ልጃቸው ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ መሽናቱን ግን በዝምታ ማለፍ እንደማይቻል ገለጹ። ንግግሩ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆየ።

አጀንዳ አንድ፦ የጉዳቱ መጠን

ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ ፍራሹ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ ዕቃ የሚለው ተለይቶ መታወቅ አለበት አሉ። አክስት «አባባ፣ በዚህ አያያዙ ዓመት የሚዘልቅ ፍራሽ አይደለም» ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ፍራሹ ከቋሚ ንብረትነት ወደ አላቂ ዕቃነት ዝቅ እንዲል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስለ ልጁ በዚህ አጀንዳ የተነሳ ነገር የለም።

አጀንዳ ሁለት፦ መንስኤው

አክስት ፋርማሲ ውስጥ የሚቀመጡት ገንዘብ መቀበያው ጋ ቢሆንም መድኃኒቱ ሁሉ በእጃቸው ስለሚያልፍ ሙያውን እንዳወቁት ካስረዱ በኋላ፣ መንስኤው ውኃ ነው አሉ። «ካልጠጣ ከየት ያመጣዋል?» የሚል ጥያቄ አቀረቡ።

አጎት በዚህ አልተስማሙም። «ስንፍና ነው። እናቱ አሞላቅቃዋለች፣ ተነስቶ ሽንት ቤት መሄድ ከበደው፣ አለቀ» አሉ። አባት አስተያየት ሲጠየቁ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብለው ተቀመጡ። ቀድሞውንም አልተነሱም ነበር።

ልጁ ከምሳ በኋላ ምንም ፈሳሽ እንዳይሰጠው ተወሰነ። ሾርባ ፈሳሽ ነው ወይስ ምግብ በሚለው ላይ ድምፁ እኩል ለእኩል ስለተከፈለ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

በዚህ መሐል ልጁ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ውኃ ጠየቀ። ሰብሳቢው አጋጣሚውን በመጠቀም «እስቲ ንገረኝ፣ ለምንድን ነው አልጋህ ላይ የምትሸናው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ጆግ ዓይኑን ሳያነሳ «እኔ አላውቅም። ያኔ ተኝቼ ነው» ሲል መለሰ። ሰብሳቢው መልሱ ጥያቄውን የሚሸሽ ነው አሉ። አጎትም ሐሳቡን ደገፉ። የውኃውን ጥያቄ በተመለከተ ውሳኔው ገና አሁን የጸደቀ ስለሆነ ልጁ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ተነግሮት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮው ቧንቧ በእፍኙ ሲጠጣ በመስኮት ታይቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ የእርምት እርምጃ

አጎት የሚከተለውን ሐሳብ አቀረቡ። ልጁ የሚማርበት መዋዕለ ሕፃናት እሳቸው ከሚሠሩበት ትምህርት ቤት ጋር ግቢው አንድ ነው፤ ጠዋት የሚሰለፉትም አብረው ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ልጁን ከሰልፍ አውጥተው፣ መድረክ ላይ አቁመው፣ የሚያደርገውን ለተማሪው ሁሉ ይናገራሉ። «አንዴ ካፈረ ይተወዋል። ከዚያ ወዲያ ታመሰግኑኛላችሁ» አሉ።

ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም፣ ተማሪው ማክሰኞ ይረሳዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። የመጠየቅ መብት እንደሌለው ተነግሮት ጥያቄው ብቻ ተመዝግቧል። አባት «ልጁ ገና…» ብለው ጀመሩ። ወንድማቸው የጎሪጥ ሲያዩዋቸው ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። አባት ጆሯቸውን ለማከክ ያነሱት እጅ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ጸሐፊው በዚህ ውሳኔ በጣም አዝኗል። ሐዘኑም ድምፅ ስለሌለው አልተቆጠረም።

አጀንዳ አራት፦ የድሮው አልጋ ጉዳይ (ያልተያዘ አጀንዳ)

ሰብሳቢው ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ሊያልፉ ሲሉ አክስት «ግን ምን ይገርማል? እነዚህ ሁለቱ በአንድ አልጋ ሲተኙ የስንት ፍራሽ ነፍስ ነው ያጠፉት?» ብለው አባትንና አጎትን በአገጫቸው አመለከቱ።

አጎት ጥፋቱ የታናሽ ወንድማቸው እንደነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል አሉ። አባት በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድማቸውን የሚቃወም ዓረፍተ ነገር ጨርሰው «እኔ ግድግዳው ጥግ ነበር የምተኛው። የሚረጥበው ያንተ በኩል ነበር» ሲሉ ተናገሩ። አጎት አልጋው ወደ እሳቸው በኩል ያዘመመ ስለነበረ ሽንቱ ወደዚያ ይወርድ እንደነበረ አስረዱ። አባት አልጋው እንዳላዘመመ፣ ያዘመመ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ተንከባለው ይወድቁ እንደነበረ ተከራከሩ። አጎትም አባት በእርግጥ ይወድቁ እንደነበር አስታወሱ።

ሰብሳቢው ይህ ንግግር ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳይሰፍር አዘዙ። ትእዛዙ ሰፍሯል።

ነገሩ ስለከረረ የአልጋውን ማዘመም የሚያጣራ ኮሚቴ በአክስት ሰብሳቢነት እንዲቋቋም ተወሰነ። አልጋው ከተሸጠ ዘመን እንዳለፈው ሰብሳቢው ቢያሳስቡም፣ ኮሚቴው ሥራውን በትዝታ እንዲያከናውን ተፈቅዶለታል።

እናት ስለ መግባታቸው

በዚህ ሰዓት እናት እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ፣ ባዶ ሳፋ ታቅፈው ገቡ። ሰብሳቢው በመዘግየታቸው ቅሬታቸውን ገለጹላቸው። እናት ምን እንደ ተወሰነ ስለ ጠየቁ ጸሐፊው ሁሉንም አነበበላቸው። የፍራሹን ቆመው ሰሙ። የውኃውንም ቆመው ሰሙ። የሰኞውን ሲሰሙ ሳፋውን መሬት አስቀመጡ።

ከዚያም እንዲህ አሉ። «ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ። ምንም በሽታ የለበትም አሉኝ። እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል፣ አትቆጡት አሉ። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት እወስደዋለሁ፣ ሌሊትም እቀሰቅሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን እኔም ድክም ይለኝና ያመልጠኛል። የጠየቀኝ የለም እንጂ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

ሰብሳቢው መረጃው ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት አሉ።

እናት «እሺ አባባ» አሉና አንድ ሐሳብ አቀረቡ። «እንግዲህ ሁላችሁም ተቆርቁራችሁለት የለ? በየተራ እየመጣችሁ አብራችሁን እደሩና ሌሊት ቀስቅሱት። ዛሬ ጋሼ ይጀምሩ» ብለው ወደ አጎት ዞሩ።

ሰብሳቢው ጉልበታቸው ደረጃ እንደማያስወጣቸው ገለጹ። አክስት በራሳቸው ምትክ ባለቤታቸውን አቀረቡ፤ ድምፅ የሌለው ተራ ሊኖረው አይችልም ተብሎ ቀረ። አጎት ግን ያቀረቡት ምክንያት ሰፋ ያለ ነበር። «እኔ ደስ ባለኝ። ግን እንቅልፌን ታውቁታላችሁ፣ ሞት ነው። ከተኛሁ ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም። ምን ላድርግ፣ ወድጄ አይደለም፣ ተፈጥሮዬ ነው» አሉ።

ሰብሳቢው አጎት ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ እንደነበሩ መሰከሩ። አክስትም ከንፈራቸውን መጠጡላቸው። ከረጅም ውይይት በኋላ «አጎት እንቅልፍ ላይ ሆነው ሳያውቁት ለሚሆነው ነገር ሊወቀሱ አይገባም» የሚል ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እጃቸውን ከሁሉ ከፍ አድርገው ያወጡት አጎት ናቸው።

እናት ውሳኔው እንዲደገም ጠየቁ። ጸሐፊው በቀስታ ደግሞ አነበበው። «ጥሩ ነው» አሉ። «አሁን ‹አጎት› የሚለውን አውጣና ‹ሰው› ብለህ ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው አውጥቶ ጻፈ። ማንም አልተቃወመም፤ ምን እንደ ተቃወሙ ለማስረዳት የሚመች አነጋገር ስላልተገኘ ይመስላል። እናት ቀጥለው «ሰኞ ልጄን ከሰልፍ የሚያወጣው ካለ እኔም ከጎኑ እቆማለሁ። ይቺን ወረቀት የአልጋውን ክርክር ጨምሬ ለተማሪው አነብለታለሁ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አጎት ነገሩን ያን ያህል ማክረር እንደማያስፈልግ፣ ሐሳቡን ያቀረቡትም ለውይይት ያህል ብቻ እንደነበረ አስረዱ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ስለዚህ ፍራሹ ወደ ቋሚ ንብረትነቱ ተመልሷል። ልጁ ሲጠማው ውኃ ይጠጣል፤ ሾርባውም ከክርክር ነፃ ወጥቷል። የአልጋው ማዘመም አጣሪ ኮሚቴ ሥራ ሳይጀምር ፈርሷል። ሰኞ ጠዋት የማንም ስም አይጠራም፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ክፍሉ ይገባል። በሰብሳቢው ሐሳብ አቅራቢነት ይህ ጉባኤ ጭራሽ እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል። ቃለ ጉባኤው ግን በእናት ጥያቄ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል።

ዛሬ ሌሊት ልጁን ማን ይቀሰቅሰዋል የሚለው ሲነሳ አባላቱ ጫማቸውን እያደረጉ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው ጎድሏል። ስብሰባውም ያለ መዝጊያ ንግግር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ።

ሰብሳቢው እንግዶቹን ሊሸኙ ስለወጡ ሳሎን ውስጥ የቀሩት አባትና እናት ነበሩ፤ ጸሐፊውም ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። አባት ትንሽ ቆም አሉና «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትቀሰቅሺው?» አሉ።

በዕለቱ ለእናት የቀረበ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።