ጳጉሜ የሌለበት አገር

(መንዝ፣ ዘመሮ፣ የወይዘሮ ኮከብ ቤት። ሐምሌ ነውና ውጭ ዶፉን ያወርደዋል።

ጫኔ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነው። የእድሩን ማኅተም በኮቱ ኪስ ይዞ ይዞራል፤ በዓለም ላይ የማያውቀው ነገር ስለሌለም ሳይጠይቁት ይናገራል። ታላቅ እህቱ ኮከብ አሥራ አራት በግ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ነገር ቶሎ የማይገባት ሴት ናት። ቢያንስ እሱ የሚያስባት እንደዚያ ነው። ልጇ ሲና ሙስካት በምትባል የዓረብ የባሕር ዳር ከተማ ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ። ዘንድሮ የአንድ ሳምንት እረፍት አገኛለሁ ብላ ለእናቷ፣ እናቷ ለምትመርጠው አንድ ሰውም ጭምር፣ ቲኬት ልትቆርጥ ነው። ያ አንድ ሰው ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ጫኔ ይህን ለአፍታም አልተጠራጠረም።

ሻንጣው መሬት ላይ ተከፍቷል። ጫኔ አንድ ወፍራም የሱፍ ባና በጉልበቱ እየተጫነ ያስገባል፤ ኮከብ መልሳ ታወጣለች።)

ጫኔ፦ ባናው ይገባል አልኩ፣ ይገባል!

ኮከብ፦ ሲና ሙቀት ነው ብላለች እኮ። በቀን ውጭ አይቆምም አለችኝ።

ጫኔ፦ ሲና ምን ታውቃለች?

ኮከብ፦ እዚያው ናት እኮ የምትኖረው።

ጫኔ፦ መኖርና ማወቅ ለየቅል ነው! እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አድሬያለሁ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነው የነጋው። ሐይቅ እንዲህ ካደረገ ባሕር ምን ሊያደርግ ነው? እስቲ አስቢው።

ኮከብ፦ ምን አግኝቶህ ደጅ አደርክ?

ጫኔ፦ (ጉሮሮውን ይጠራርጋል) እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን መልሽልኝ፤ በጳጉሜ መንዝ እንዴት ነው?

ኮከብ፦ ብርድ ነው።

ጫኔ፦ ሰማዩስ ስንት ነው?

ኮከብ፦ አንድ።

ጫኔ፦ በቃ! ሰማዩ አንድ ከሆነ ብርዱም አንድ ነው። አይ እትዬ! አንቺን ማስረዳት እኮ ውሃ መውቀጥ ነው።

(ባናው ይገባል። ሻንጣው ግን እምቢ አልዘጋም ይላል። ጫኔ ወጥቶ ይቀመጥበታል።)

ኮከብ፦ ለመሆኑ ባሕሩ ዳር ሄደን ምን እናደርጋለን?

ጫኔ፦ እንቀመጣለን።

ኮከብ፦ ከዚያስ?

ጫኔ፦ ውሃውን እናያለን።

ኮከብ፦ ውሃ ለማየትማ ደጄ ላይ ሐምሌን ሙሉ አየሁት።

ጫኔ፦ ሽርሽር ነዋ! ሽርሽር ማለት ምንም ሳይሠሩ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ገባሽ?

ኮከብ፦ አሁን ገባኝ። አንተ ዓመቱን ሙሉ ሽርሽር ላይ ነህ ማለት ነው።

(ጫኔ አፍጥጦ ያያታል። ፊቷ ላይ ተንኮል አላገኘም፤ ከሞኝነቷ ነው ብሎ ተዋት።)

ኮከብ፦ በል ቀኑን እንቁረጥ። ሲና ላሠሪዋ መንገር አለባት። ሰባት ቀን ነው የምትለምነው።

ጫኔ፦ እኔ ቆርጬዋለሁ። ጳጉሜ አንድ ጠዋት እንገባለን፤ መስከረም ሁለት ማታ እንወጣለን።

ኮከብ፦ (በጣቷ እየቆጠረች) ጳጉሜ አምስት፣ መስከረም ሁለት... ሰባት። ደግ ነው።

ጫኔ፦ ሁለት ነው።

ኮከብ፦ ምኑ?

ጫኔ፦ ቀኑ! የሁለት ቀን ፈቃድ ይበቃታል።

ኮከብ፦ (ጣቶቿን እንደገና ታያለች) እነዚህ ሰባት ናቸው እኮ።

ጫኔ፦ ያንቺ ጣት የመንዝ ጣት ነው! ስሚኝ። ዓረብ ስንት ወር አለው?

ኮከብ፦ እኔ እንጃ።

ጫኔ፦ አሥራ ሁለት! አሥራ ሦስተኛዋ ጳጉሜ የኛ ብቻ ናት። እነሱ ዘንድ የለችም። የሌለችን ወር ደግሞ የምናርፍበት ሆቴልም አይቆጥራት፣ አሠሪዋም አትቆጥራት። እኛ ጳጉሜን እንዲያው ኖረን የምንጠየቀው ለመስከረም አንድና ሁለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ ማን ያስባል?

ኮከብ፦ ማንም አያስብም። ታዲያ እነሱ ነሐሴ ሲያልቅ ምን ያደርጋሉ?

ጫኔ፦ ይዘሏታል።

ኮከብ፦ ፀሐይዋስ?

ጫኔ፦ የምን ፀሐይ?

ኮከብ፦ ነሐሴ ሠላሳ ማታ ጠልቃ በማግስቱ ስትወጣ ለነሱ መስከረም ነው?

ጫኔ፦ አዎ!

ኮከብ፦ እኛ አምስት ቀን ወደኋላ ቀርተን?

ጫኔ፦ ለዚህ አይደል ያደጉት!

ኮከብ፦ ሰማዩ አንድ ነው አላልክም ነበር?

ጫኔ፦ ለብርዱ ነው ያልኩሽ!

(ኮከብ አገጯን ይዛ ታስባለች። ጫኔ ይህን ሲያይ ይማረራል። አንዲት ሴት ለማሳመን ይህን ያህል መድከም በእውነት ግፍ ነው።)

ኮከብ፦ በጓ ግን አታሳዝንም?

ጫኔ፦ የቷ በግ?

ኮከብ፦ የዓረቧ። የኔዎቹ አምስት ወር ሙሉ አርግዘው ነው የሚወልዱት። እሷ ጳጉሜን ከዘለለች ግን ግልገሏ አምስት ቀን ጎደለው ማለት ነው።

ጫኔ፦ እግዚኦ! ሰው ሽርሽር ሲያቅድ አንቺ በግ ታዋልጃለሽ!

ኮከብ፦ ሩፋኤልስ? በዓሉ ጳጉሜ ሦስት ነው። የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነው ብለን ሲናን ልጅ ሆና ደጅ አወጣት ነበር፤ እየጮኸች ነበር የምትሮጥበት። አብረን ዕለቱን እናስበዋለን ብዬ ነበር።

ጫኔ፦ ቀኑ የለማ! ቀኑ ከሌለ በዓሉ ከየት ይመጣል?

ኮከብ፦ (ታማትባለች) ሩፋኤልን ሻርከው?

ጫኔ፦ እኔ መች ሻርኩት! እነሱ ናቸው!

ኮከብ፦ ጫኔ፣ ቀልዱን ተወኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ልጅ ካለበት ግን ይናፍቃል። ስድስት ዓመት ነው ያላየኋት። አንዲት ቀን እንኳ እንድትጎድልብኝ አልፈልግም። ሰባት ብዬ ሄጄ ሁለት ከሆነብኝ እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ነው ልቤ የሚቆመው።

ጫኔ፦ አንቺማ ሰባቱንም ታያታለሽ፤ እነሱ ናቸው ሁለት የሚሉት! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ሰባት በይ ብለሽ ብትመክሪያት የልጅቷን እረፍት በከንቱ ትጨርሺባታለሽ።

ኮከብ፦ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። በወረቀት አድርግልኝ።

(ጫኔ የሚወደው ነገር ተጠየቀ። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ ይመዛል፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል፤ ለእድርተኛ እንደሚያነበው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።)

ጫኔ፦ «ከጳጉሜ አንድ እስከ መስከረም ሁለት ያለው ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ፊርማ።

ኮከብ፦ ማኅተሙስ?

ጫኔ፦ (ማኅተሙን እፍ ብሎ ይመታል) ይኸው! ከእንግዲህ ማንም አይሽረውም።

ኮከብ፦ (ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች) እግዜር ይስጥህ። በጎቼን ማን ይጠብቅልኝ?

ጫኔ፦ አየለች አለች አይደል? ሚስቴ ምን ሥራ አላት? ለሁለት ቀን!

ኮከብ፦ አየለች አትችልም።

ጫኔ፦ ለምን?

ኮከብ፦ ሙስካት ናታ።

ጫኔ፦ ማን?

ኮከብ፦ አየለች። ከኔ ጋር ናት የምትሄደው። ፓስፖርቷን ተቀብላለች፤ ስሟንም ለሲና ከላክሁ ሳምንት አለፈኝ።

(ጫኔ ከሻንጣው ላይ ብድግ ይላል። ክዳኑ ተፈናጥሮ ባናው መሬት ላይ ይዘረገፋል።)

ጫኔ፦ የኔ አየለች? ሳትነግረኝ?

ኮከብ፦ ሦስት ጊዜ ጀምራልህ ነበር። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብለህ አቋረጥካት። እሷ የማታውቀውን ትጠይቃለች። በሰው አገር የሚያስፈልገኝ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጫኔ፦ ፈቃዱስ?

ኮከብ፦ ሲና ትናንት ሰባቱን ቀን አስፈቅዳ ጨርሳለች። ጳጉሜንም እነሱ ሴፕቴምበር ከሚሉት ወር ውስጥ ነው የሚቆጥሯት አለችኝ። አንዲቷንም አይዘሉም።

ጫኔ፦ ታዲያ እኔን ለምን አስጠራሽኝ?

ኮከብ፦ ሻንጣውን እንድትዘጋልኝ ነበር። አንተ ባና ጨመርክበት።

(ጫኔ አፈረ። ንዴትም ያዘው፤ የቱ እንደሚበልጥ ግን አላወቀም። ሙስካትም ባሕሩም ከእጁ ወጡ። ወደ በሩ ያያል፤ ከዶፉ ባሻገር የበጎቹ ድምፅ ይሰማል።)

ጫኔ፦ (ድምፁ ሰልሎ) እና... በጎቹን...

ኮከብ፦ ካንተ ሌላ ማን ወንድም አለኝ?

ጫኔ፦ እኔ! የእድር ጸሐፊው! በጭቃና በዝናብ በግ ስከተል ሰባት ቀን ሙሉ ልባጅ?

ኮከብ፦ (ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈትታ ትዘረጋለታለች) ኧረ ሁለት ነው፣ ወንድሜ። ማኅተም አለበት።