የሕንፃችን የገንዘብ ሚኒስትር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2024 ጠዋት የሕንፃችን የውጭ በር ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ዝገት ነበር። ቀለሙን መቀባት የጀመሩት ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አርፈዋል። የቀረውን ግማሽ እስከ ዛሬ የነካው የለም።

በሩስያ ምድር ያለ ገንዘብ ሚኒስትር የሚተዳደር የመኖሪያ ሕንፃ አላውቅም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ብዙውን ጊዜ ጡረተኛ ነው። የሩብልን ምንዛሪ ሳይነግራችሁ ቆሻሻ ሊደፋ አይወርድም። ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር እንደተሰደበ ሰው ይቀየማል፤ ሲቀንስ ደግሞ "ነግሬያቸው ነበር" ይላል። ለማን እንደነገረ አይታወቅም። እኛ ሪቢንስክ ውስጥ፣ ከቮልጋ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ የምንኖረው፣ ክቡር ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ደርሰውናል።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት ሊፍት ጠግነዋል፤ ዓለምንም የሚያዩት በሊፍት ጉድጓድ በኩል ነበር። ገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ይቆማል፤ የሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጡረታ የወጡ ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ስልካቸው ላይ የአክሲዮን መገበያያ ጫነላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣን።

መጀመሪያ የገዙት የአንድ የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ሁለት። በማግስቱ ጥግ ላይ ያለችው ሱቅ ገብተው ባለሱቋን አፋጠጧት።

"የኔን ሸቀጥ ምን አድርጎሽ ነው መሬት ላይ የጣልሽው?"

"የቱን ሸቀጥ?"

"ይሄን ጥቁሩን። ባለድርሻ ነኝ።"

"ባለድርሻ ከሆኑማ ካርቶኑን ያንሡልኝ፤ እኔ ወገቤን አሞኛል።"

አነሡ። በየሳምንቱ ሐሙስ እየሄዱ ያነሡ ጀመር። ቤታቸው ሲፈለጉ ከታጡ "ስብሰባ ላይ ናቸው" እንባባል ነበር።

ይህን ሁሉ ሳቅ አድርገን ልናልፈው እንችል ነበር፤ የሁለተኛ ፎቋ ካፒቶሊና ፍሮሎቭና ባሏ ባይሞትባት ኖሮ። ፕሮሆር ያረፈው በ2021 የበረዶው ወቅት ሊያበቃ ሲል ነው። መቃብር ላይ ሐውልት የሚቆመው አፈሩ ሲረጋ ነውና አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ እስከዚያ የእንጨት መስቀል ይበቃል። የሐውልቱን ዘጠና ሺህ ሩብል ካፒቶሊና በቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአንሶላዎቹ መሃል አስቀምጣው ነበር። ሚኒስትሩ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

"ካፒቶሊና ፍሮሎቭና፣ ገንዘብ ከአንሶላ ጋር ዓመት ሙሉ ይተኛል? አፈሩ ይርጋ፤ ገንዘቡ ግን ይሥራ እንጂ!"

"ሠርቶ ምን ያመጣልኛል?"

"ዙሪያውን የብረት አጥር። ምናልባት አግዳሚ ወንበርም።"

"ፕሮሆር ወንበር ይወድ ነበር" አለች ካፒቶሊና፤ ገንዘቡንም ሰጠቻቸው። በራሳቸው ስም የአሜሪካን አክሲዮን ገዙላት። በቀጣዩ ጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ተሽጦ ሐውልቱ ሊቆም ነበር።

በረዶው ሳይቀልጥ ጦርነቱ መጣ። የሞስኮ ገበያ ለሳምንታት ተዘጋ። ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ኮትና ከረባት ለብሰው በሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሕዝቡን ለማረጋጋት። ማዕቀቡ በየሳምንቱ ይጨመር ነበር፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

"እኛን አይመለከተንም። በሩስያ ገበያ፣ በሩስያ ድርጅት በኩል፣ በሩብል ነው የገዛሁት። ወረቀቱ እዚሁ አገር ቤት ነው ያለው።"

እንዲህ ያሰቡት እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እንዲሁ አስቦ ነበር። ነገሩ ግን ቲያትር ቤት ገብቶ ካፖርት እንደማስረከብ ነው። ሰውዬው ካፖርቱን ለካፖርት ጠባቂዋ ሴት ይሰጣል፣ ቁጥር የተጻፈባትን መለያ ተቀብሎ ኪሱ ይከታል፣ ካፖርቱ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰቅሏል ብሎ ያምናል። ሴትየዋ ግን ለሌላ ሰው አስተላልፋዋለች፣ ያም ለሌላ፣ መጨረሻ ላይ ካፖርቱ የተሰቀለው የሰው አክሲዮን የሚያስቀምጥ ድርጅት ባለባት ብራስልስ ነው። ብራስልስ ደግሞ በማዕቀቡ በሩን ቆልፋለች።

"ቁጥሩ እኮ እጄ ላይ ነው!" ይሉ ነበር ሚኒስትሩ።

"እሱን ለብሰህ ውጣ እስቲ፣ ብርዱ ከገባህ" ትላቸዋለች ካፒቶሊና። እሳቸው "እርስዎ" ሲሏት እሷ "አንተ" ትላቸው ነበር፤ ከቀበሩላት ገንዘብ አንጻር መብቷ ነው አልን።

የእሳቸው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ "አልጠፋም፤ ቆሟል።" ሊፍት በሁለት ፎቆች መሃል ሲቆም ውስጥ ያለው ሰው ሞተ አይባልም። ይጮኻል፣ ቁልፉን ይደበድባል፣ በመጨረሻ ይወጣል። በደረጃው ላይ ያገኙትን ሁሉ "አልጠፋም፤ ቆሟል" እያሉ ሦስተኛ ዓመት ገቡ። በየሦስት ወሩ የትርፍ ድርሻቸውን ያበስሩናል። "ዛሬ ትርፍ ገብቶልኛል! ማለቴ፣ ብራስልስ ገብቷል።" ኮምፖት፣ ያው የተቀቀለ የፍራፍሬ መጠጥ፣ ይቀዱልናል፤ እኛም ለማናየው ገንዘብ ጤና እንጠጣለን። አንድ ጊዜ መዝገበ ቃላት ይዘው "የተከበራችሁ የብራስልስ ነዋሪዎች" ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ሲጽፉ አግኝቻቸዋለሁ። ለከተማው ሕዝብ በሙሉ ይደርስላቸዋል ብለው ያሰቡ ይመስላል።

የፕሮሆር መስቀል ግን ዘመመ። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሙታን መታሰቢያ ቀን ካፒቶሊና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ከአግዳሚው ወንበር ፊት ትቆማለች።

"ዘንድሮ ደግሞ ወደ ግራ ነው" ትላለች።

ሚኒስትሩ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ።

በ2024 መጀመሪያ የካፒቶሊና ልጅ እናቷን ወደ ሲክቲቭካር ልትወስዳት ወሰነች፤ ልቧ ደክሟል፣ ብቻዋን መኖር አልቻለችም። ካፒቶሊና ሐውልቱ ሳይቆም ንቅንቅ አልልም አለች። ልጅቱ መስከረም ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ ብላ ቁርጡን ተናገረች። በዚያው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ መንግሥት የታገዱ አክሲዮኖች ልውውጥ ይደረጋል፣ እዚህ ገንዘባቸው የታገደባቸው የውጭ ሰዎች ይገዟቸዋል ብሎ አወጀ፤ ለአንድ ሰው እስከ መቶ ሺህ ሩብል። ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ማመልከቻ አስገቡና ከአምስተኛ ፎቅ እየጮኹ ወረዱ።

"ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ!"

እውነተኛው ሊፍት መስሏቸው ሦስት ሰዎች ወጡ።

ሰኔ ላይ ካፒቶሊና ዘንድ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንኳኩ። ከረባት አድርገዋል። ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ብራስልስ ከፈለች። ዘጠና ሺህ።"

ካፒቶሊና ቆጠረች፤ ቀና ብላም አየቻቸው። "ትርፉስ?"

"ምን?"

"ትርፉ! ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፖት ያጠጣኸን በምን ምክንያት ነው?"

"ውይ፣ ረስቼው ነው" አሉና ወጡ። ትንፋሽ እያጠራቸው አራት ሺህ ይዘው ተመለሱ።

እኔ የምሠራው ቤተ መዛግብት ነው፤ ቀን ካልገጠመ እንቅልፍ አይወስደኝም። የልውውጡ ውጤት የሚታወቀው ነሐሴ ላይ እንደሆነ ጋዜጣው ጽፎ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አምስተኛ ፎቅ ስወጣ የሚኒስትሩ ኮሪደር በድንች ጆንያ፣ በዱባና በኪያር ማሰሮ ተሞልቶ መተላለፊያ አጣሁ። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከሀዲዱ ማዶ ባለው ጋራዣቸው ሥር፣ በገዛ እጃቸው በቆፈሩት ጓዳ ውስጥ ነበር። ያን ጋራዥ ከመኪናቸው ይልቅ ይወዱታል፤ መኪናማ ከተሸጠች ቆይታለች። ቅዳሜና እሑድ እዚያ ነበር የሚውሉት።

"ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች፣ ድንቹ ምን ሊሠራ መጣ?"

"ሀብቴን እያሸጋሸግሁ ነው፣ ኔሊ ማትቬየቭና። ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።"

"ጋራዡስ?"

"ጋራዥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። በዚህ ዘመን የማይንቀሳቀስ ነገር በዝቶብኛል።"

"የልውውጡ ውጤት እኮ ገና አልወጣም። ጋዜጣው..."

"እርስዎ መሥሪያ ቤት አንዳንድ ሰነድ ለሃምሳ ዓመት ይዘጋል አይደል?" አሉኝ።

"ይዘጋል።"

"ይሄንንም እዚያው ያስገቡልኝ።"

ነሐሴ ላይ ውጤቱ ወጣ። ከታገደው ጥቂቱ ብቻ ነው የተገዛው፤ የእሳቸውም ድርሻ ለአንድ ሐውልት ጥግ አይበቃም ነበር። በዚያው ወር የፕሮሆር ሐውልት ቆመ፤ ግራጫ፣ የብረት አጥር ያለው። ለወንበሩ ገንዘቡ አልደረሰም።

መስከረም ላይ ካፒቶሊናን ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። ሚኒስትሩ ሻንጣዎቹን ይዘው ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። እሷ ክንዴን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ። የሊፍት ጥገና ማኅተም ያለበት ፖስታ ብራስልስ ከየት አገኘች?"

 "እርስዎ አውቀው ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ፖስታውን እንዳየሁት።"

"ታዲያ ትርፉን ለምን ጠየቁ?"

"ባልጠይቅማ ይነቃብኝ ነበር። ገንዘቡን አልቀበልም ብል ደግሞ ፕሮሆር ያለ ድንጋይ፣ ያ ሰውዬም አንገቱን ደፍቶ ይቀሩ ነበር። ተይው። እኔ ሞኝ ሆኜ ልሂድለት።"

ለልጇ ስለነገረቻት፣ ልጅቱም በሚኒስትሩ ቀብር ላይ ለሁሉም ስለተናገረች፣ የታሸገውን ሰነድ ሃምሳ ዓመቱ ሳይሞላ የከፈትሁት እኔ አይደለሁም። ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ከገንዘብ ሥራቸው ሁሉ የተሳካላቸው ይሄ አንዱ ነው፤ እሱንም ሁለት ሰዎች ተባብረንላቸው ነው። በሕንፃችን አሁን ስለ ሩብል ምንዛሪ የሚነግረን ሰው የለም። ስልካችን ላይ እናየዋለን፤ ግን ምን ማድረግ እንዳለብን አናውቅም።

ኦክቶበር 11 ቀን ካፒቶሊና ከሲክቲቭካር ደወለች። ዝናብ በዝቷል ብላ ሰምታለች፤ ሐውልቱ የዘመመ መስሏት እንቅልፍ አጥታለች። ቬኒያሚን ሳቬሊየቪች ወደ እኔ ወርደው የአባቴን ውሃ ልክ ተዋሱ፤ የእሳቸው ከጋራዡ ጋር ሄዷል። በአውቶቡስ ወደ መቃብሩ ሄዱ። የወደቀውን ቅጠል ጠረጉ፣ ውሃ ልኩን በድንጋዩ አናት ላይ፣ ቀጥሎ በጎኑ አስቀመጡ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ደወሉላት።

"ካፒቶሊና ፍሮሎቭና፣ የፀጉር ያህል አላዘነበለም።"

"ደህና አድርገህ አየኸው?"

"በአራቱም ወገን።"

"ፕሮሆርስ?"

"ቅሬታ አላቀረበም።"

ሳይመሽ ቤቴን አንኳኩ። ውሃ ልኩን በመሐረባቸው ጠርገው፣ ጭቃ እንዳልቀረበት አገላብጠው አይተው፣ መለሱልኝ።